የመገንጠል ዓላማውን ትቶ ያሸነፈ ፓርቲ፦ የታሚሉ ዲ.ኤም.ኬ. ከ1962 እስከ 1967

## ጉዳዩ ባጭሩ

አንድ ፓርቲ የተመሠረተበትን ትልቅ ዓላማ «ትቼዋለሁ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ አለቀለት ማለት ነው። አክራሪው ክንፍ «ሸጡን» ብሎ ይወጣል። ለዘብተኛውም «ታዲያ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብሎ ወደ ገዢው ፓርቲ ይሄዳል። መሪዎቹ መሀል ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

በደቡብ ህንድ የሆነው ግን ሌላ ነው። ድራቪዳ ሙኔትራ ካዛጋም፣ ባጭሩ ዲ.ኤም.ኬ.፣ ከህንድ የመገንጠል ጥያቄውን በ1963 በይፋ ተወ። ከአራት ዓመት በኋላ የማድራስን ግዛት፣ የዛሬውን ታሚል ናዱ፣ ምርጫ አሸንፎ መንግሥት ሆነ። በዚያ ሁሉ መሀል ደጋፊው አብሮት መቆየቱ ሁሌም ይገርመኛል። እንዴት ቆየ? ይህን ጉዳይ መዝግቦ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ የታየኝ ለዚህ ነው።

ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በስም የምጠራው በአደባባይ የሚታወቁትን መሪዎች ብቻ ነው።

## ከዚያ በፊት ምን ነበር?

ብዙዎቻችን ህንድን ያወቅነው በሂንዲ ፊልም ነው። ስለዚህ ህንዳዊ ሁሉ ሂንዲ የሚናገር ይመስለናል። ደቡቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ካንናዳና ማላያላም የድራቪዳ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው። ከሂንዲ ጋር ዝምድና የላቸውም። ታሚል ደግሞ ከሁለት ሺህ ዓመት የሚበልጥ የጽሑፍ ታሪክ አለው። የዚህ ቋንቋ ተናጋሪ ስለ ቋንቋው ሲናገር ከአንጀቱ ነው።

ከቋንቋው በፊት የመጣው ግን የዘር ደረጃ፣ ማለትም የካስት ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ ዘመን በማድራስ ብራህሚኖች፣ ማለትም በካስቱ አናት ያሉት የካህናት ወገን፣ ከሕዝቡ ከመቶ ሦስት ያህል ነበሩ። ዩኒቨርሲቲውንና የመንግሥቱን ወንበር ግን በብዛት የያዙት እነሱ ነበሩ። ብራህሚን ያልሆኑ የተማሩና ባለሀብት ሰዎች በ1916 ጀስቲስ የተባለውን ፓርቲ አቋቋሙ። በ1920 ምርጫም አሸንፈው ግዛቱን አስተዳደሩ። ችግራቸው የባለርስቶችና የጠበቆች ፓርቲ መሆናቸው ነበር። ሰፊው ሕዝብ ውስጥ አልገቡም።

ሕዝቡ ውስጥ የገቡት ፔሪያር ተብለው የሚታወቁት ኢ. ቪ. ራማሳሚ ናቸው። በ1925 የህንድን የነጻነት ትግል ይመራ ከነበረው ከኮንግረስ ፓርቲ ወጥተው የራስን ማክበር እንቅስቃሴ ጀመሩ። ያለ ቄስ ጋብቻ፣ የሴቶች መብት፣ የካስት መጥፋት፤ ይህን ሁሉ በገጠር መንደር እየዞሩ ይሰብኩ ነበር። በ1938 የግዛቱ የኮንግረስ መንግሥት ሂንዲን በትምህርት ቤቶች ግዴታ ሲያደርግ ተቃውሞውን መሩ። ያን መንግሥት ይመሩ የነበሩት ሲ. ራጃጎፓላቻሪ ናቸው። ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ ባልተጠበቀ ቦታ ብቅ ይላሉ። በዚያ ተቃውሞ ሁለት ወጣቶች እስር ላይ እያሉ ሞቱ። ትእዛዙ በ1940 ተነሣ።

በ1944 ሳሌም ከተማ ላይ ያን ጊዜ በፔሪያር ይመራ የነበረው ጀስቲስ ፓርቲ ስሙን ቀይሮ ድራቪዳር ካዛጋም ሆነ። ዓላማው ድራቪዳ ናዱ የተባለ የደቡብ ነጻ አገር መመሥረት ነበር። ምርጫ ውስጥ ግን አይገባም። ፔሪያር የህንድን ነጻነት ቀን ራሱን የሐዘን ቀን ብለው አወጁ። የቅርብ ደቀ መዝሙራቸው ሲ. ኤን. አናዱራይ በዚህ አልተስማሙም። በ1949 ፔሪያር ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲሉ በዕድሜ በጣም የምታንሳቸውን ረዳታቸውን ሲያገቡ ቅራኔው ፈነዳ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1949 አናዱራይና ጓዶቻቸው ዲ.ኤም.ኬ.ን መሠረቱ። የምሥረታው ሕዝባዊ ስብሰባ ማድራስ ውስጥ ሮቢንሰን ፓርክ ላይ በዝናብ ተካሄደ። የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ባዶ ተዉት፤ «የአባታችን የፔሪያር ነው» ብለው። አናዱራይ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ሕዝቡ «አና»፣ ታላቅ ወንድም፣ ይላቸው ነበር። እሳቸውም ለአባላት በሚጽፉት ደብዳቤ «ታናሽ ወንድሜ» ብለው ይጀምሩ ነበር።

አዲሱ ፓርቲ መገንጠልን ሳይለቅ ምርጫ ገባ። በ1957 በግዛቱ ምክር ቤት 15 ወንበር አገኘ። በ1962 ደግሞ 50።

## ድርጅቱ እንዴት ይሠራ ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በኋላ የሆነው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከሕዝቡ አብዛኛው ማንበብ አይችልም ነበር። የፓርቲው ጋዜጣ የሚነበበው ሻይ ቤት ነው። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ሻዩን እየጠጣ ያዳምጣል። ወጣቶች አነስተኛ የንባብ ክፍሎች ይከፍታሉ። ማታ ማታ የመንደር ስብሰባ አለ። ንግግሩ በጠራ ታሚል፣ እንደ ግጥም ቤት እየመታ የሚሄድ ነው። ሰው ለፖለቲካው ባይመጣ ለቋንቋው ይመጣል። አናዱራይና ወጣቱ ኤም. ካሩናኒዲ ድራማና የፊልም ድርሰት ይጽፉ ነበር። የፓርቲው ሐሳብ በጀግናው አፍ ሲኒማ ቤት ገባ።

በ1953 የሆነ አንድ ነገር አሠራራቸውን በደንብ ያሳያል። ቲሩቺራፓሊ አቅራቢያ ካላኩዲ የምትባል ቦታ አለች። የባቡር ጣቢያዋ ግን የሲሚንቶ ፋብሪካው ባለቤት በሆነ የሰሜን ሀብታም ስም ዳልሚያፑራም ተብሎ ነበር። ካሩናኒዲና ጓዶቹ ወረቀት ላይ የታሚሉን ስም ጽፈው ሄዱ። በጣቢያው ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ከዚያ ሐዲዱ ላይ ተኙ። ፖሊስ ተኮሰ፣ ሰው ሞተ፣ ካሩናኒዲ ታሰሩ። «ሰሜኑ ደቡቡን እየዋጠ ነው» የሚለው ረጅም ክርክር በአንድ ሰሌዳና በአንድ ወረቀት ለማንም ገበሬ ግልጽ ሆነ።

## ችግሩ

በ1962 እና በ1963 ፓርቲው በአራት በኩል ተወጠረ።

የመጀመሪያው ከቆየ ነገር የመጣ ነው። በ1956 የህንድ ግዛቶች በቋንቋ ተከለሉ። የቴሉጉ ተናጋሪዎች አንድራን፣ የማላያላም ተናጋሪዎች ኬረላን፣ የካንናዳ ተናጋሪዎች ማይሶርን አገኙ። ለእነዚህ ሕዝቦች ድራቪዳ ናዱ የሚባል ነገር ትርጉም አጣ። እንዲያውም «ታሚሎች ሊገዙን ነው እንዴ?» የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው። አራት ሕዝብ የሚያቅፍ አገር በአንድ ሕዝብ ብቻ እየተጠየቀ ነበር።

ሁለተኛው ከውስጥ ነው። በ1961 አንድ ታዋቂ መሪ «ይህ ዓላማ የሚሆን አይደለም» ብሎ ወጣና የራሱን ፓርቲ አቋቋመ። የወጣው ሰው የፔሪያር የወንድም ልጅ መሆኑ ሕመሙን አባሰው።

ሦስተኛው ጦርነት ነው። በኦክቶበር 1962 ቻይና በሰሜን ድንበር ገባች። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ሜይ 1 ቀን፣ አናዱራይ በህንድ የላይኛው ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግራቸውን ሲያደርጉ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ጠይቀው ነበር። አሁን ወታደር ድንበር ላይ እየሞተ መገንጠልን ማንሣት ሕዝቡ ዘንድ እንደ ክህደት ይታያል።

አራተኛው የባሰ ነው። የህንድ ፓርላማ 16ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አወጣ። በኦክቶበር 1963 ጸደቀ። ከዚህ በኋላ ለምርጫ የሚቀርብ ማንኛውም ሰው የህንድን ሉዓላዊነትና አንድነት እጠብቃለሁ ብሎ መማል አለበት። 50 ወንበር ላለው የመገንጠል ፓርቲ ይህ ግልጽ መልእክት ነው፤ ወይ ዓላማህን ተው፣ ወይ ምርጫውን ተው።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

ጦርነቱ ሲጀመር አናዱራይ አላመነቱም። የመገንጠል ቅስቀሳው እንዲቆም አደረጉ። ከመንግሥት ጎን ቆሙ፣ ለጦርነቱም ገንዘብ እንዲሰበሰብ ቀሰቀሱ። ሕጉ ገና አላስገደዳቸውም ነበር። ስለዚህ በኋላ ሕጉ ሲመጣ «ተገደው ነው» ብቻ ሊባሉ አልቻሉም፤ መንገዱን በገዛ ፈቃዳቸው ጀምረውት ነበር።

በ1963 መጨረሻ ፓርቲው የዓላማውን አንቀጽ ቀየረ። አዲሱ አንቀጽ በህንድ ሉዓላዊነትና አንድነት ማዕቀፍ ውስጥ ለደቡቡ ግዛቶች የሚቻለውን ያህል ሥልጣን ማግኘትን፣ በመካከላቸውም መቀራረብን ይጠይቃል። አናዱራይ ለአባላት የሰጡት ማብራሪያ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጥያቄውን ትተነዋል፣ መገንጠልን ያስጠየቁን ምክንያቶች ግን አሁንም አሉ አሉ። በዚህም አባላቱ እስከዚያ የከፈሉትን መሥዋዕትነት ስሕተት ብለው አልጣሉባቸውም።

በዚያው ኖቬምበር የቋንቋውን ጉዳይ አነሡ። ለእኔ የጉዳዩ ልብ ይህ ነው። የህንድ ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛ ከሂንዲ ጎን የሚቆየው ለ15 ዓመት ብቻ ነው ይል ነበር። ገደቡ ጃንዋሪ 26 ቀን 1965 ያበቃል። የሂንዲ ተናጋሪ ያልሆነ ወጣት ለመንግሥት ሥራ የሚፈተነው በሂንዲ ሊሆን ነው ማለት ነው። አናዱራይ የሕገ መንግሥቱን የቋንቋ ክፍል በማቃጠል ተቃውሞ ከአምስት መቶ ያህል አባላት ጋር ታሰሩ። ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ትልቁን ዓላማ ያወረደው መሪ በወሩ ወህኒ ሲገባ «ፈራ» የሚለው አልነበረም።

ቀኑ ሲደርስ ፓርቲው የህንድን የሪፐብሊክ በዓል የሐዘን ቀን ብሎ ጥቁር ባንዲራ እንዲሰቀል ጠራ። ያን ጊዜ ግን ተማሪዎቹ ቀድመው ወጥተው ነበር። ጃንዋሪ 25 ቀን 1965 ማዱራይ ላይ የተማሪዎች ሰልፍና የኮንግረስ ሰዎች ተጋጩ። አመጹ ግዛቱን በሙሉ አዳረሰ። ራሳቸውን ያቃጠሉ ሰዎች ነበሩ። በይፋዊ ግምት ብቻ ወደ 70 ሰው ሞተ። በፌብሩዋሪ ወር ሁለት የማድራስ ተወላጅ የማዕከላዊ መንግሥት ሚኒስትሮች የሥልጣን መልቀቂያ አቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሻስትሪ በሬዲዮ ቀርበው እንግሊዝኛ እንደሚቀጥል ቃል ገቡ።

ቀጥሎ የመጣው የምርጫ ሒሳብ ነው። ለ1967 ዲ.ኤም.ኬ. ከቀኝም ከግራም ጥምረት ሠራ። ኮሚኒስቶች አሉ፣ ሙስሊም ሊግ አለ፣ የነጻ ገበያ አቀንቃኙ ስዋታንትራ ፓርቲም አለ። የዚህ የመጨረሻው ፓርቲ መሪ ማን ናቸው? ራጃጎፓላቻሪ። በ1938 ሂንዲን ግዴታ ያደረጉት ብራህሚን አሁን ሂንዲን በግዴታ መጫን በመቃወም ከአናዱራይ ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆሙ።

የዕለት ጉሮሮ ጉዳይም ነበር። በ1966 ሩዝ ጠፋ፣ ዋጋው ጣራ ነካ። ፓርቲው በአንድ ሩፒ ሦስት መስፈሪያ ሩዝ እሰጣለሁ አለ።

## የሠራው

በ1967 ዲ.ኤም.ኬ. ከ234 ወንበር 137 አሸነፈ። ኮንግረስ ወደ 50 ገደማ ወረደ። በድምፅ ብዛት ሁለቱ ፓርቲዎች አንገት ለአንገት ነበሩ፤ እንዲያውም ኮንግረስ በጥቂቱ ይበልጣል፣ ሁለቱም ወደ 41 በመቶ። ልዩነቱን ያመጣው ጥምረቱ ነው። የተቃዋሚው ድምፅ በየምርጫ ክልሉ ሳይበተን ለአንድ ዕጩ ሄደ።

ካማራጅ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚያነግሡ፣ የኮንግረስ ብሔራዊ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በግዛቱ ለድሃ ልጆች የትምህርት ቤት ምሳ ያስፋፉ የተከበሩ ሰው ናቸው። በትውልድ ከተማቸው በቪሩዱናጋር በ1,285 ድምፅ ተሸነፉ። ያሸነፋቸው የ1965ቱ ተቃውሞ ያፈራው ወጣት የተማሪዎች መሪ ነው።

ማርች 1967 አናዱራይ የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ከመገንጠል ጥያቄው የተበተኑት ትናንሽ ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልስ ማግኘት ጀመሩ። ያለ ቄስ የሚፈጸም ጋብቻ ሕጋዊ ሆነ፤ ቀደም ብለው በዚህ መንገድ የተጋቡትንም አካተተ። በ1967 መጨረሻ የህንድ ፓርላማ የሻስትሪን ቃል ሕግ አደረገው፤ ሂንዲ የማይናገሩ ግዛቶች ካልተስማሙ እንግሊዝኛ አይነሣም። በጃንዋሪ 1968 የግዛቱ ትምህርት ቤቶች በታሚልና በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያስተምሩ ተወሰነ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1969 የማድራስ ግዛት ታሚል ናዱ ተባለ። አናዱራይ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 3፣ በካንሰር ሞቱ።

## ያልሠራው

ሩዙ ቃል እንደተገባው አልሆነም። በማድራስና በኮይምባቶር ከተሞች በአንድ ሩፒ አንድ መስፈሪያ ተሞከረ፣ ከዚያ በላይ አልዘለቀም። በጀቱ አይችልም ነበር። ይህ በምርጫ ሰሞን መታወቅ ነበረበት።

የ1965ቱን አመጽ ፓርቲው አልመራውም። አናዱራይ ተማሪዎቹ እንዲያቆሙ ቢጠይቁም እሺ ያለ አልነበረም። ፍሬውን የለቀመው ግን ፓርቲው ነው። ሕይወታቸውን የከፈሉት አብዛኞቹ የተራ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ኪልቬንማኒ ነው። ዲሴምበር 25 ቀን 1968 በታንጃቩር ሩዝ አብቃይ አካባቢ ዳሊት የሚባሉት፣ ከካስት ሁሉ በታች የሚታዩት፣ የቀን ሠራተኞች የደሞዝ ጭማሪ ጠይቀው ከባለርስቶች ጋር ተጋጭተው ነበር። ማታ መንደራቸው ተጠቃ። ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች አንዲት ጎጆ ውስጥ ተሸሸጉ። ጎጆዋ በእሳት ተለኮሰች። 44 ሰው ሞተ። ባለርስቶቹ በኋላ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ነጻ ወጡ። ይህ የሆነው የካስት እኩልነትን ሰብኮ ሥልጣን በያዘ መንግሥት ዘመን ነው። የድራቪዳ እንቅስቃሴ ብራህሚኑን ከላይ ሲያወርድ መሀል ላይ ያሉት ባለመሬት ካስቶች ከታች ያለውን ዳሊት መጫናቸውን ቀጠሉ። ፓርቲው ድምፅ የሚያገኘው በብዛት ከእነዚሁ ከመሀሉ ነበር። ስለዚህ እጁ ከበደው።

የሥልጣን ክፍፍሉም አልተሳካም። አናዱራይን የተኩት ካሩናኒዲ በ1969 የማዕከሉንና የግዛቶችን ግንኙነት የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1974 የግዛቱ ምክር ቤት የራስ ገዝነት ውሳኔ አሳለፈ። ዴልሂ፣ ማለትም ማዕከላዊው መንግሥት፣ አላዳመጠችም። በጃንዋሪ 1976፣ በመላ ህንድ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ወቅት፣ የካሩናኒዲን መንግሥት በትእዛዝ አፈረሰችው።

## ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

ትልቅ ዓላማ ከመተው በፊት ዓላማው ከየትኛው ሕመም እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። የታሚል ደጋፊ ድራቪዳ ናዱን በካርታ አይቶት አያውቅም። በቋንቋው መናቅን፣ ልጁ ሥራ ማጣቱን ግን ያውቀዋል። ፓርቲው ካርታውን ተወ፣ ሕመሙን አልተወም። ሕመሙን አብሮ የተወ ፓርቲ ደጋፊ አይኖረውም ብዬ አምናለሁ።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ቅስቀሳውን ለማቆም ሕጉን ቢጠብቁ ኖሮ የተሸነፉ ይመስሉ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በፈቃዳቸው ስላቆሙ ክብራቸው ተረፈ። ይህን ከሌሎች ጉዳዮች ጋር ሳነጻጽር እንዲህ ያለውን ሰዓት ያወቁ መሪዎች ጥቂት ናቸው።

ማዕከላዊው መንግሥትም የሚማረው አለ። 16ኛው ማሻሻያ በሩን ሲዘጋ ሌላ በር ክፍት ነበር፤ ማለህ ተወዳደር፣ ካሸነፍክ ግዛ። በ1967 ዴልሂ ውጤቱን ተቀበለች። የቋንቋውን ቃልም በሕግ አጸናች። በሩን ብቻ ዘግታ ቢሆን ኖሮ የ1965ቱ ወጣቶች ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄዱበት ምክንያት አልነበራቸውም። በጃንዋሪ 1976 ደግሞ ይህንኑ ረሳችው።

የጥምረት ጥያቄ ላይ «ከትናንት ጠላት ጋር?» የሚሉ ይኖራሉ። ከራጃጎፓላቻሪ ጋር መቆም ለፔሪያር ልጆች መራራ ነበር። ፔሪያር ራሳቸው በዚያ ምርጫ ኮንግረስን ደገፉ። አናዱራይ ግን ጥምረቱን የሠሩት በጣም ጠባብ በሆነ ስምምነት ላይ ነው፤ ኮንግረስ ይውረድ፣ ሂንዲ በግዴታ አይጫን። ከዚያ ውጭ ማንም ሐሳቡን እንዲቀይር አልተጠየቀም። ዲ.ኤም.ኬ. ብቻውን አብላጫ ወንበር ስላገኘም መንግሥቱን በስምምነት መካፈል አላስፈለገም። ያ ባይሆን ኖሮ ጥምረቱ ዓመት የሚቆይ አይመስለኝም።

በኮከብ ላይ መደገፍ ግን ዕዳ ነው። ኤም. ጂ. ራማቻንድራን፣ ኤም.ጂ.አር.፣ የድሃ ጠበቃ ሆኖ የሚተውን ታላቅ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ከ1967ቱ ምርጫ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ጃንዋሪ 12፣ አብሯቸው የሚሠራ ተዋናይ በጥይት አንገታቸውን መታቸው። አንገታቸው በፋሻ ታስሮ የሚታይበት ፎቶ በየግድግዳው ተለጠፈ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ተመረጡ። ፓርቲው ያን ጊዜ በዚህ ፎቶ ብዙ ተጠቀመ። የደጋፊ ማኅበሮቻቸው ግን የፓርቲው ቅርንጫፍ አልነበሩም፤ የእሳቸው ነበሩ። በ1972 ኤም.ጂ.አር. የፓርቲው ሒሳብ ይመርመር ብለው ከካሩናኒዲ ጋር ሲጋጩ ተባረሩ። በዚያው ኦክቶበር የራሳቸውን ፓርቲ ሲያቋቁሙ እነዚያ ማኅበሮች በአንድ ሌሊት የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሆኑ። የአናዱራይን ስም በፓርቲው ስም ውስጥ፣ ምስላቸውን ባንዲራው ላይ አደረጉ። በ1977 አሸነፉ። ዲ.ኤም.ኬ. ወደ ሥልጣን የተመለሰው ኤም.ጂ.አር. በ1987 ከሞቱ በኋላ፣ በ1989 ምርጫ ነው።